ከጋሌን እስከ ቦሩ ሜዳ፦ የአሥራ ሁለቱ ነርቮች ታሪክ

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሮም ውስጥ፣ ጋሌን የተባለ ከጴርጋሞን የመጣ ሐኪም በከተማዋ ታላላቅ ሰዎች ፊት አንድ አሳማ አስሮ አጋደመ። አሳማው ይጮኻል። ጋሌን አንገቱን ከፍቶ እንደ ክር የቀጠኑ ሁለት ነርቮችን ፈልጎ አገኘና ቋጠራቸው። አሳማው መታገሉን አልተወም፤ አፉን ይከፍታል፣ ይተነፍሳል፤ ድምፁ ግን ጠፋ። በዚያ ዘመን ንግግርም ሐሳብም ከልብ ይመነጫሉ የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። የጋሌን አሳማ ድምፅ ከራስ ቅል ውስጥ ተነስቶ በነርቭ የሚወርድ ትእዛዝ መሆኑን በአደባባይ አሳየ።

ያ ክር መሳይ ነርቭ ዛሬ ቬገስ የምንለው የአሥረኛው የራስ ቅል ነርቭ ቅርንጫፍ ነው። ከአንጎል ወጥተው በራስ ቅል ቀዳዳዎች በኩል ወደ ፊት፣ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ አንገትና ወደ ደረት የሚሄዱት ነርቮች አሥራ ሁለት ጥንድ ናቸው። የሰው ልጅ የእያንዳንዳቸውን ሥራ ያወቀው በአብዛኛው ጋሌን ባወቀበት መንገድ ነው፤ ነርቩ ሥራውን ሲያቆም ምን እንደሚጎድል በማየት። ወሎ ውስጥ ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ በፊት በሕሙማን ፊት ላይ ማንበብ ይቻል ነበር። ከደሴ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ዓይናቸውን መክደን የተሳናቸው ሰዎች ከየወረዳው እየመጡ የታከሙበት ሆስፒታል ከስድሳ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። እዚያ እስኪደረስ ግን መንገዱ ረጅም ነው።

ጋሌን የቆጠረው ሰባት ጥንድ ብቻ ነበር። የማሽተትን ነርቭ ከነርቭ አልቆጠረውም። የፊትንና የመስማትን ነርቮች እንደ አንድ ያዛቸው፤ ወደ ጉሮሮና ወደ አንገት የሚወርዱትንም ሦስቱን በአንድ ቁጥር ሥር አስገባቸው። ስለ እነዚህ ነርቮች በዝርዝር የጻፈው ስለ አካል ምርመራ ባዘጋጀው ትልቅ ሥራ በ14ኛው መጽሐፍ ሲሆን፣ የዚያ ክፍል የግሪክኛ ቅጂ ጠፍቷል። ዛሬ የምናነበው በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅና ባልደረቦቹ ወደ ዐረብኛ መልሰውት ስለነበር ነው። እንደ ዳናና ጀማ ንጉሥ ባሉ ማዕከላት ዐረብኛ ለዘመናት በተቀራበት በወሎ ምድር ይህ ሊታወስ የሚገባው ውለታ ነው። ከሁነይን በኋላ ራዚ ስለ ፊት መጣመም ጻፈ፤ ኢብን ሲና ደግሞ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣውን የፊት መጣመም ከነርቩ ከራሱ ጉዳት ከሚመጣው ለየ። ዛሬም አንድ ሰው አፉ ተጣሞ ደሴ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያጣራው ይህንኑ ነው። ግንባሩን መሸብሸብ ከቻለ ጥርጣሬው ወደ አንጎል፣ ወደ ስትሮክ ይሄዳል። ግንባሩም ዓይኑም አብረው ከሰነፉ የታመመው ሰባተኛው ነርቭ ራሱ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ቬሳልዩስ እ.ኤ.አ. በ1543 ታላቁን የአናቶሚ መጽሐፉን ሲያወጣ በብዙ ነገር ጋሌንን ቢያርምም ሰባቱን ቁጥር አልነካም። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 የማሽተትን ነርቭ በአንደኛነት አስቀምጦ ዝርዝሩን አሰፋ፤ ሥዕሎቹን የሠራለት በኋላ በሕንፃ ጥበብ ስሙ የገነነው ክሪስቶፈር ሬን ነበር። የዛሬውን አሥራ ሁለት ቁጥር ያቆመው ግን ሳሙኤል ቶማስ ሶመሪንግ የተባለ የጀርመን ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1778 ገቲንገን ላይ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ጋሌን አንድ ያደረጋቸውን የፊትና የመስማት ነርቮች ለያያቸው፤ የጉሮሮና የአንገቶቹንም ሦስት አደረጋቸው።

የሶመሪንግ ቁጥር ምን እንደሚል ለማየት ደሴ ላይ የሠርግ ጠዋት መገኘት ይበቃል። ቡናው ሲቆላ ሽታውን የሚያደርሰው አንደኛው ነርቭ ነው። የዕጣኑ ጢስ ዓይን ሲያቃጥል ግን የሚናገረው አምስተኛው ነው፤ የፊትን ስሜት ሁሉ ተሸክሞ፣ በዚያው ላይ ለማኘክ መንጋጋን ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው የጦሳን ተራራ ያሳያል። ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ተባብረው ዓይንን ያዞራሉ፤ አራተኛው አንዲት ጡንቻ ብቻ ሲያዝ፣ እሱ የታመመበት ሰው ደረጃ ሲወርድ አንዱ ደረጃ ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ስድስተኛውም እንዲሁ ያለው አንዲት ጡንቻ ናት፤ ዓይንን ወደ ውጭ ትስባለች። የሙሽራዋን ፈገግታ የሚሠራው ሰባተኛው ነው፤ ከፊተኛው የምላስ ክፍል ጣዕምንም ይወስዳል። ስምንተኛው ዘፈኑን ያሰማል፣ ሚዛንም ይጠብቃል። ዘጠነኛው የኋለኛውን ምላስ ጣዕምና የጉሮሮን ስሜት ይይዛል። አሥረኛው ድምፅን፣ መዋጥን፣ የልብን ምትና የሆድን ሥራ አንድ ላይ ያስተዳድራል። እስክስታው ሲጀመር ትከሻን የሚያነሳው አሥራ አንደኛው ነው፤ የእናቶችን እልልታ በምላስ ላይ የሚያንከባልለው አሥራ ሁለተኛው።

ሶመሪንግ ከቆጠረ በኋላ የቀረው ጥያቄ የትኛው ነርቭ ይሰማል፣ የትኛው ያዛል የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1821 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ቤል በአህያ ፊት ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። ሰባተኛውን ነርቭ ሲቆርጠው በዚያ በኩል ያለው የአፍንጫ ቀዳዳ መንቀሳቀሱን አቆመ፤ ስሜቱ ግን አልጠፋም። አምስተኛው ሲቆረጥ የሚጠፋው ስሜት ነው። ቤል በአንዳንድ ነገር ስቶ ነበር፣ ፈረንሳዊው ማዣንዲም አረመው፤ ዋናው ነገር ግን ጸና። ፊት ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንዱ ይሰማል፣ ሌላው ያንቀሳቅሳል። ቤል ሌላም ነገር አስተዋለ። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን የዓይን ኳሱ ከቆቡ ሥር ወደ ላይ ይዞራል። ቆቡ መዝጋት ባይችል እንኳ ጥርት ያለው የፊተኛው ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ ወደ ላይ ተሸሽጎ ይድናል። ይህቺ ትንሽ ምልከታ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ቦሩ ሜዳ ላይ የብዙ ሰው ዓይን ጉዳይ ሆናለች።

በዚያው ዘመን የኖርዌይዋ ወደብ ቤርገን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የበዙባት ከተማ ነበረች። ዳንኤልሰንና ቡክ እ.ኤ.አ. በ1847 ስለ በሽታው ዝርዝር መጽሐፍ አሳተሙ፤ ዳንኤልሰን ግን በሽታው በዘር ይተላለፋል ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ጌርሃርድ አርማወር ሀንሰን ከሕሙማን ቁስል በወሰደው ናሙና ውስጥ በትር መሳይ ባክቴሪያ አየ። የሰውን በሽታ ያመጣል ተብሎ የተለየ የመጀመሪያው ባክቴሪያ ይህ ነው። ይህ ተሕዋሲ ከሁሉ አስቀድሞ ነርቭን ይወዳል፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታም ይስማማዋል። ስለዚህ ወደ ቆዳ ቀርበው የሚያልፉትን ነርቮች ያጠቃል፤ በክርን በኩል የሚያልፈውን፣ በጉልበት ጎን የሚዞረውን፣ ፊት ላይ ደግሞ ጉንጭ አጥንቱን ተሻግሮ ወደ ዓይን ቆብ የሚሄደውን የሰባተኛውን ነርቭ ቅርንጫፍ።

ሀንሰን ባክቴሪያውን ባየ በአምስተኛው ዓመት፣ በግንቦት 1870 ዓ.ም፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ንጉሥ ምኒልክን፣ መኳንንቱንና ሊቃውንቱን ቦሩ ሜዳ ላይ ሰብስበው የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። የወሎ የአማኞች ታሪክ ከዚያ ቀን ጋር የታሰረ ነው፤ ኢማም መሐመድ ዓሊም በዚያ ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ያን ጊዜ በወሎ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከቤርገን የተገኘው ነገር አልደረሰውም። በሽታው ከዘር ይወርዳል እየተባለ ቤተሰቡ ሁሉ በጋብቻ ይገለል ነበር። ጸበል፣ የደብር በር፣ የሼህ ደጃፍ መጠጊያው ነበር። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ሲነግሥ በአምባው መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚለምነው ሰው ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርድ ነበር፤ መንገደኛው ከሐዘን ብዛት መስሎት ያልፋል። እንባው የሚወርደው ግን የታችኛው ቆብ ስለረገበና ዓይኑ ስለማይከደን ነው።

ዘመናዊ የሥጋ ደዌ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዘግይቶ ነው። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የሚባለው የሚሲዮናውያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1927 አገር ውስጥ ገባ፤ በዶክተር ቶማስ ላምቢ ጥረት በ1920ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቆመ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። ደሴም በዚያ ጊዜ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ነበራት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተነጠፈበት ያ ሆስፒታልም ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጦርነቱ ደሴ መጥተው ስለነበር መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ተኩሰዋል። በዚያው ጦርነት በሰሜን ግንባር የተረጨው የሰናፍጭ ጋዝ የወታደሩን ቆዳና ዓይን አቃጠለ። በሰው ገላ ላይ ከኮርኒያ የበለጠ ስሜት የሚሰማው ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ የሚያገለግለውም አምስተኛው ነርቭ ነው። በጋዝ የተመታው ወታደር ሕመሙ ዓይኑን በግድ አስጨፍኖታል። የሥጋ ደዌ ታማሚው ግን በዚያው ቦታ ላይ ምንም አይሰማውም፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል።

ከጦርነቱ በኋላ ዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ መድኃኒት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ውስጥ ካርቪል በተባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ፕሮሚን የሚባል መድኃኒት በመርፌ ተሞከረ፣ ሠራም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳፕሶን የሚባለው ርካሽ ክኒን ተተካ። ክኒን በመሆኑ ገጠር ሊደርስ ቻለ። በዚህ ተስፋ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ቦሩ ሜዳ ላይ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አቆመ። የጉባኤው ሜዳ የሕክምና ሜዳ ሆነ።

እዚያ የሚደረገውን ምርመራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምርመራው ቀላል ነውና። ሐኪሟ ወይም ጤና ረዳቱ ከታማሚው ፊት ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ዝም ብለው ያያሉ። ጤነኛ ሰው በደቂቃ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ኮርኒያው ስሜት ያጣ ሰው ግን እንደ ሥዕል ፈዞ ያያል። ከዚያ፣ «አባባ፣ እንደ እንቅልፍ ቀስ አድርገው ይጨፍኑ» ይባላል። ቆቦቹ ካልተገናኙ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት በማስመሪያ፣ በሚሊ ሜትር ይለካል፣ ካርድ ላይ ይጻፋል። ቀጥሎ፣ «አሁን በኃይል ይጨፍኑ» ይባላል። ሐኪሟ የሽፋሽፍቱን ፀጉር ትነካለች፣ ቆቡን በጣቷ ገፋ ታደርጋለች፤ የሚቋቋም ከሆነ ጡንቻው አለ። በክፍተቱ ውስጥ ነጩ ብቻ ከታየ ቤል ያስተዋለው ዙረት ዓይኑን እየጠበቀው ነው። ጥቁሩ ክፍል ከታየ ግን አደጋው ቅርብ ነው።

አደጋው ሁለቱ ነርቮች አንድ ላይ ሲወድቁ ይከፋል። ሰባተኛው ወድቆ አምስተኛው ቢቀር፣ ታማሚው አቧራ ሲገባበት ያመዋል፤ ፊቱን ያዞራል፣ ይታጠባል፣ እጁን ይጋርዳል። አምስተኛው ወድቆ ሰባተኛው ቢቀር፣ ዓይኑ በልማድም ቢሆን ይርገበገባል። ሁለቱም ሲጠፉ፣ የበጋው የወሎ አቧራ ክፍት ዓይን ላይ ያርፋል፣ ባለቤቱም አይሰማውም። ሌሊት ዓይኑ ተከፍቶ ያድራል፣ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ሰውዬው ምንም ሳያመው ይታወራል። በሥጋ ደዌ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝነኝ ነገር የለም። እጁም እግሩም ስሜት ያጣ ሰው የቀረውን ገላውን የሚጠብቀው በዓይኑ ነበር። ምድጃው እጁን እንዳያቃጥለው፣ እሾሁ እግሩን እንዳይወጋው የሚያየው እሱ ነበር። ዓይን ሲጠፋ እጅና እግርም ይከተላሉ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕንድ ውስጥ ቬሎር ላይ ይህንኑ በእጅና በእግር ላይ አረጋግጦ ነበር። በሥጋ ደዌ ጣት «የሚረግፈው» ሥጋው በራሱ በስብሶ እንዳልሆነ፣ ሕመም የማይሰማው ሰው ሳያውቅ ራሱን ስለሚጎዳ እንደሆነ አሳየ። ይህ ግኝት ለሕሙማኑ ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ፍትሕ ነበር፤ የተቆረጠው ጣት የርግማን ምልክት አይደለም ማለት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ በዘነበወርቅ ሆስፒታል ቦታ ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው አለርት ተመሠረተ። ከአምስት ዓመት በኋላ አጠገቡ በሀንሰን ስም የሚጠራው አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተተከለ። የቤርገኑ ሰው ስም በዚህ መንገድ አዲስ አበባ ገባ። አለርት ካስተማራቸው ሙያዎች አንዱ የነርቭ ዕውቀት ምን ያህል ጥበብ እንደሚሆን ያሳያል። ዓይን መክደን ላቃተው ሰው ከጆሮ በላይ ራስ ጎን ላይ ካለው የማኘክ ጡንቻ ቀጭን ክፍል ተወስዶ በቆዳው ሥር እስከ ዓይን ቆቡ ይሳባል፣ በላይኛውና በታችኛው ቆብ በኩል አልፎ ወደ አፍንጫ በኩል ይታሰራል። ያ ጡንቻ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአምስተኛው ነርቭ ነው። የሞተውን የሰባተኛውን ሥራ የአምስተኛው የማዘዝ ክፍል ይረከባል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ታማሚው ጥርሱን ሲነክስ ዓይኑ ይከደናል፤ ለሳምንታት በመለማመድ ያዳብረዋል። እንጀራ ሲያኝክ ዓይኑ አብሮ ይርገበገባል። ቤል የለያቸውን ሁለት ነርቮች ሐኪሙ በመቀሱ መልሶ አገናኛቸው ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሦስት መድኃኒቶችን አንድ ላይ የመስጠቱን ሕክምና መከረ። ኤም.ዲ.ቲ. የሚባለው ይህ ሕክምና ቀላል ለሆነው ዓይነት 6 ወር፣ ለከባዱ 12 ወር ይወሰዳል። ዳፕሶን ብቻ ለዓመታት ይወስድ የነበረ ሰው የሚድንበት ቀን ተቆረጠለት። በዚያው አሥርት ዓመታት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ 60,820 ሰዎችን በመመርመር በኢትዮጵያ ገጠር የነርቭ በሽታ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት አሳዩ። የሚጥል በሽታ፣ ፖሊዮ ያስቀረው ሽባነት፣ በአብዛኛው ከሥጋ ደዌ የመጣ የነርቭ ጉዳትና መስማትና መናገር አለመቻል ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ነበሩ። ለነርቭ ሐኪም ትልቁ ሥራ ከትልቅ ከተማ ሆስፒታል ይልቅ በገጠር መንደር እንደሚጠብቀው ያ ጥናት በግልጽ ተናገረ።

ኮምቦልቻ በዚያው ዘመን ሌላ ነርቭ ላይ ሌላ ፈተና አስነሳች። ደርግ በ1970ዎቹ ዓ.ም ያቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለወሎ ወጣት የሥራ በር ከፈተ፤ የሽመና ማሽን ክፍል ግን ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ካልተጯጯሁ የማይደማመጡበት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን ወደ ስምንተኛው ነርቭ የሚያስተላልፉ ፀጉር መሳይ ሕዋሳት አሉ፤ በየቀኑ ለሰዓታት ከባድ ጩኸት ሲመታቸው ይሞታሉ፣ የሞተውም አይተካም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ስለሆነ ሠራተኛው የሚያስተውለው ዘግይቶ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወረድ ጆሮ የሚደፈነው ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሲወረድ የአየሩ ግፊት ይጨምራል፤ ተሳፋሪው ምራቁን ሲውጥ ከጉሮሮ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚወስደውን ቱቦ ከሚከፍቱት ጡንቻዎች ዋናው የሚታዘዘው በአምስተኛው ነርቭ ነው፤ ጆሮውም ወዲያው ይከፈታል። የፋብሪካው ጉዳት በመዋጥ አይከፈትም። ከ2009 ዓ.ም ወዲህ የኢንዱስትሪ ፓርክ በተጨመረባት ከተማ የጆሮ መከላከያ የደመወዝ ያህል መብት ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሥጋ ደዌና የቲቢ ቁጥጥር በኢትዮጵያ አንድ ፕሮግራም ሆነ፤ የሥጋ ደዌ ሕክምና ከልዩ ሆስፒታሎች ወጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ገባ። የተጎዱት ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ1996 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። በ1999 እ.ኤ.አ. አገሪቱ የሕሙማኑን ቁጥር ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች አድርጋ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠውን ግብ ደረሰች። ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ ግን ቁጥሩ ሲያንስ ትኩረቱም አነሰ። ጤና ጣቢያ ላይ የሚሠራ ወጣት ባለሙያ በዓመት አንድ ታማሚ ካየ፣ የዓይንን ክፍተት የሚለካበት እጅ ይረሳል። ኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ትመዘግባለች። ቦሩ ሜዳም ከሥጋ ደዌ ብቻ ወጥቶ የዓይንና የቆዳ ሕክምናን ጨምሮ ጠቅላላ ሆስፒታል ሆነ።

በ1999 ዓ.ም ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ጤና ሳይንሱ ደሴ ላይ፣ ቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ ላይ። አሥራ ሁለቱን ነርቮች በቅደም ተከተል የሚመረምር የሕክምና ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሎ ላይ መማር ጀመረ። ጊዜው ቦሩ ሜዳ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ማከም የጀመረበት ዘመን ስለነበር ተማሪው ስለ ነርቮች የሚማረው ከበሽታ ብቻ ሳይሆን ከመድኃኒትም ነበር። ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን የሚባሉት መርፌዎች ለወራት በየዕለቱ ይሰጡ ነበር፤ ሕይወት ያድናሉ፣ ነገር ግን ኮምቦልቻ ላይ ጩኸት የሚገድላቸውን እነዚያኑ የጆሮ ሕዋሳት ይገድላሉ። ታማሚው መጀመሪያ ጆሮው ይጮኽበታል፣ ቀጥሎ በሚዛን ይንገዳገዳል፣ በመጨረሻ መስማት ይሳነዋል። ከሳንባው ነቀርሳ ድኖ የልጁን ድምፅ ያጣ ሰው ምን ይባላል? ኢታምቡቶል የሚባለው ክኒን ደግሞ አልፎ አልፎ ሁለተኛውን ነርቭ ይጎዳል፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት ሲያቅተው ታማሚው ቶሎ ካልተናገረ እይታው ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን ከሕክምናው እንዲወጡ መከረ፤ እንደ ቤዳኩዊሊን ያሉ የሚዋጡ መድኃኒቶች ተተኩ። በዚህ ጉዳይ የተቆጨ ብዙ ሐኪም አለ፤ መርፌው ለአሥርት ዓመታት ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ነው የተሰጠው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴ አካባቢ ደረሰ። በኩታበርና በቦሩ ሜዳ አካባቢ ከባድ ውጊያ ተደርጎ የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ መንግሥት ከተሞቹ መመለሳቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። ከ86 ዓመት በፊት ደሴ ከተደበደበችበት ዕለት ጋር የአንድ ቀን ልዩነት ብቻ አለው። የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በአካባቢው ያሉ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። በጦርነት ጊዜ የሚታወሰው የቆሰለው ነው፣ የሚገባም ነው። ኤም.ዲ.ቲ. ግን በየወሩ ከጤና ሠራተኛ እጅ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ወር ሲዘለል ነርቩ ቆሞ አይጠብቅም። የቲቢ መድኃኒትም ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ይላመዳል።

ከዚያ ወዲህ የተዘረፈው ብዙ ነገር ተተክቷል፣ ተማሪዎቹም ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል። አዲስ ነገርም አለ። ከታማሚ ጋር በአንድ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን መስጠት በሽታው እንዳይተላለፍ እንደሚያግዝ ታውቆ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 መክሮታል። ለነርቩ ግን ዋናው መድኃኒት አሁንም የድሮው ፕሬድኒሶሎን ነው። ታማሚው በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ እያለ፣ ወይም ከጨረሰ በኋላ እንኳ፣ ባለሙያዎቹ ሪአክሽን የሚሉት እብጠት በድንገት ነርቩን ሊያንቀው ይችላል። የዓይን ቆቡ መሥራት ካቆመ ስድስት ወር ሳይሞላው ፕሬድኒሶሎን ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ወይም በሕይወት ዘመን ሁሉ ዓይንን በሻሽ እየሸፈኑ ማደር ነው። ስለዚህ በወረባቦም ይሁን በተሁለደሬ፣ በቃሉም ይሁን በአምባሰል፣ ታማሚው ክኒኑን ለመውሰድ በየወሩ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ክኒኑ ብቻ ተሰጥቶት መሄድ የለበትም። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ «ቀስ አድርገው ይጨፍኑ» የሚለውና የቀረውን ክፍተት በማስመሪያ ለክቶ ካርዱ ላይ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። ጊዜው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ መሣሪያውም የተማሪ ማስመሪያ ነው።